ለአለቃ ሳይነገር የሚቀር ነገር፦ የሥራ ቦታ ተግባቦት መሠረታዊ ክህሎቶች

በሥራ ቦታ ተግባቦት ሲባል አንድ ሠራተኛ ያየውን፣ የሚያውቀውን ወይም የሚያስፈልገውን ነገር ለሚመለከተው ሰው በጊዜው ማድረሱ፣ ከሌላው የመጣለትንም መልእክት እንደተላከው አድርጎ መቀበሉና መቀበሉን ማሳወቁ ነው። ማኅበራዊ ክህሎት የሚባለው ደግሞ ይህ ልውውጥ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የሚያደርገው የመከባበር፣ የመደማመጥ፣ ቅሬታን ሳያዋርዱ የመናገርና ተቃውሞን ሳይቀየሙ የመስማት ችሎታ ነው። ሁለቱም በአሠልጣኞችና በቀጣሪዎች ዘንድ ሶፍት ስኪል በሚል የጋራ ስም ስለሚጠሩ፣ ብዙ ሰዎች ከዋናው ሙያ በኋላ የሚመጡ፣ ቢኖሩ የሚያምሩ ባይኖሩም ሥራውን የማያቆሙ ተጨማሪ ጌጦች አድርገው ይቆጥሯቸዋል። የአደጋዎች ታሪክ ሲመረመር ግን በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሰዎች፣ ምንም ዓይነት የዕውቀት ጉድለት ሳይኖርባቸው፣ አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳይሰማው በመቅረቱ ብቻ ብዙ ሕይወት የጠፋባቸው አጋጣሚዎች በርካታ መሆናቸው ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበውም መልእክቱ የጠፋበት አቅጣጫ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን አያጣም፣ ከታች ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ማስጠንቀቂያ ግን በመከባበርና በመፈራራት መካከል ተሰንቅሮ ይቀራል።

ይህንን ችግር ከማንም ቀድሞ በጥልቀት የመረመረው የአቪዬሽን ዘርፍ ነው፤ ምክንያቱም በአውሮፕላን የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሁሉ በድምፅ መቅጃ ስለሚያዝ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ማን ምን እንዳለና ማን ምን ሳይል እንደቀረ በሰከንድ ተቆጥሮ ሊታወቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ ቴኔሪፌ በተባለችው ደሴት ላይ በሚገኘው የሎስ ሮዴኦስ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው አደጋ ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በአቅራቢያው ባለ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ምክንያት አቅጣጫ ቀይረው ወደዚህ አነስተኛ ማረፊያ ከመጡት አውሮፕላኖች መካከል የኔዘርላንዱ ኬኤልኤምና የአሜሪካው ፓን አም ንብረት የሆኑ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ማረፊያውን ጭጋግ ሸፍኖት ስለነበርም ሁለቱ አብራሪዎች አይተያዩም፣ የበረራ ተቆጣጣሪውም ከማማው ላይ ሆኖ ሁለቱንም አያያቸውም ነበር።

የኬኤልኤሙ ካፒቴን በድርጅቱ ውስጥ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥንና የሚፈትን፣ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ረዳት አብራሪም ከጥቂት ጊዜ በፊት የቦይንግ 747 ብቃት ፈተናውን የሰጠው ራሱ ነበር። ካፒቴኑ ሞተሩን ማጓራት ሲጀምር ረዳቱ ገና ፈቃድ እንዳልተሰጣቸው ስላሳሰበው ለአፍታ አቆመ፤ ቀጥሎ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ የሚከተለውን መስመር ሲነግራቸው ግን ካፒቴኑ የመነሻ ፈቃድ እንደተሰጠው ቆጥሮ መንደርደር ጀመረ። ረዳቱ በሁለተኛው ጊዜ ካፒቴኑን አላስቆመውም፤ በሬዲዮ ያስተላለፈው ቃልም ለመነሳት ተዘጋጅተን ቆመናል ለማለት ይሁን እየተነሳን ነው ለማለት በግልጽ የማይለይ ነበር። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» ብሎ ጀምሮ እንዲጠብቁ ሲነግራቸው፣ በዚያችው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች ገና መንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን ለመናገር ሬዲዮ ስለከፈቱ ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው በኬኤልኤሙ ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው «ኦኬ» የሚለው ቃል ብቻ ሆነ። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ከተከታዩ የሬዲዮ ንግግር አንድ ነገር ስለጠረጠረ ያኛው አውሮፕላን መንደርደሪያውን አልለቀቀም እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ካፒቴኑም ለቋል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱ ዝም አለ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ አደጋ በኋላ በመላው ዓለም የተደረጉት ለውጦች ቀላል ስለሆኑ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ትምህርት ይሆናሉ። መነሳት የሚለው ቃል በሬዲዮ እንዲነገር የተፈቀደው የመነሻ ፈቃድ በሚሰጥበት ወይም በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ ሆነ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ ሌላ ቃል መጠቀም ግዴታ ነው። አብራሪው የተሰጠውን ፈቃድ ሰምቻለሁ ብሎ ማለፍ አይችልም፤ የተነገረውን ራሱን መልሶ ይናገራል፣ ተቆጣጣሪውም የተመለሰውን አዳምጦ ስሕተት ካለበት ወዲያውኑ ያርማል። ይህ መልሶ መናገር የሚባለው ልማድ ከመግባቢያ ክህሎቶች ሁሉ ርካሹና ፍሬያማው ነው፤ መጋዘን ውስጥ «ከባለ 50 ኪሎው 40 ጆንያ ጭነህ ወደ አዳማ ላክ» የተባለ ሠራተኛ «ባለ 50 ኪሎ፣ 40 ጆንያ፣ ወደ አዳማ» ብሎ ቢመልስ የሚያጠፋው ጊዜ አምስት ሰከንድ አይሞላም፤ እሺ ብሎ ቢሄድ ግን 50 ጆንያ ባለ 40 ኪሎ ጭኖ እንደላከ የሚታወቀው መኪናው ከተራገፈ በኋላ ነው።

የቃላቱ መጥራት ብቻውን ግን የመሐንዲሱን ዝምታ አይፈታም። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ ወደ አሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ የተቃረበ የዩናይትድ ኤርላይንስ ዲሲ 8 አውሮፕላን የማረፊያ ጎማው ችግር አለበት ተብሎ ስለተጠረጠረ ካፒቴኑ ለአንድ ሰዓት ያህል በአካባቢው እያንዣበበ ለአስቸጋሪው ማረፊያ ሲዘጋጅ ነዳጁ አልቆ ወደቀና 10 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ ባልደረቦቹ የነዳጁን መቀነስ እያዩ ነበር፤ ነገሩንም አንስተውት ነበር፤ ያነሱበት ድምፅና አገላለጽ ግን ሐሳቡ ሁሉ ከጎማው ላይ ለነበረው ካፒቴን የአደጋ ደወል ሆኖ አልተሰማውም። በተመሳሳይ ሁኔታ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ተነስቶ ኒውዮርክ ለማረፍ ረጅም ወረፋ ሲጠብቅ የቆየው የአቪያንካ አውሮፕላን ነዳጁ ተሟጦ ሲወድቅ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ፤ አብራሪዎቹ ነዳጃቸው እያለቀ መሆኑንና ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር፣ አስቸኳይ አደጋ ላይ መሆናቸውን ግን በተቆጣጣሪዎች ዘንድ ሁሉን ነገር በሚያስጥለው በዚያ በተወሰነው ቃል አላወጁም። እነዚህ ሰዎች ዝም አላሉም፤ ተናግረዋል፤ ንግግራቸው ግን የጉዳዩን ክብደት አልተሸከመም።

ከፖርትላንዱ አደጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ አየር መንገዶችን ሰብስቦ ባካሄደው ዐውደ ጥናት መነሻነት ክሪው ሪሶርስ ማኔጅመንት የሚባለው ሥልጠና ተወለደ፤ ዩናይትድም በ1981 ማስተማር ጀመረ። ሥልጠናው በአጭሩ ሲገለጽ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የሰው ዕውቀት ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ለውሳኔው እንዲውል የማድረግ ዘዴ ነው፤ ረዳቱ ስጋቱን በግልጽ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም አስተያየት እንዲጠይቅና የመጨረሻውን ውሳኔ ሳይለቅ የሌሎቹን ሐሳብ እንዲመዝን ያሠለጥናል። ፍሬው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 በአሜሪካዋ ሱ ሲቲ ታየ። የዚያው አየር መንገድ ዲሲ 10 አውሮፕላን የኋላ ሞተሩ በአየር ላይ ሳለ ፈንድቶ መሪው ጨርሶ የማይሠራ ሆነ፤ ካፒቴን አል ሄይንስ ከተሳፋሪዎች መካከል የነበረን አንድ የአብራሪ አሠልጣኝ ወደ ክፍሉ አስገብቶ የሁለቱን ቀሪ ሞተሮች ኃይል መቆጣጠሪያ አስረከበው፤ አራት ሰዎች እየተመካከሩ አውሮፕላኑን እስከ መንደርደሪያው ድረስ አደረሱት። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስም እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ውጤቱ የአንድ ሰው ጀግንነት ሳይሆን የዚያ ሥልጠና መሆኑን ሲመሰክር ኖረ።

የአቪዬሽኑን ልምድ ተከትሎ ብዙ የተለወጠው ሁለተኛው ዘርፍ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ፣ ማለትም ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ዝርዝር፣ ከያዛቸው 19 ነጥቦች አንዱ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ የሚጠይቅ ነው። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ የጤና ጉዳት ደግሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ ወርዷል። የስም ልውውጡ ጥቅም ከትውውቅ ያለፈ ነው፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ስሕተት ሲያይ ለሁለተኛ ጊዜ መናገር ይቀለዋል፣ የነርሷን ስም የሰማ ሐኪምም እርሷን እንደ ክፍሉ ዕቃ ቆጥሮ ማለፍ ይከብደዋል።

ከዚሁ ዘርፍ የተገኘ ሌላ ጠቃሚ ዘዴ ኤስባር ይባላል። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ላይ የነበረን የሪፖርት አቀራረብ ወደ ሆስፒታል በማምጣት የተቀረጸ ሲሆን፣ አራት ነገሮች በቅደም ተከተል እንዲነገሩ ያዛል፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩ፣ የተናጋሪው ግምት እና የሚጠየቀው ነገር። ዘዴው የሚሠራበትን መንገድ ለማየት በሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ለሐኪም የምታደርገውን ጥሪ መውሰድ ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ጥሪ «ዶክተር፣ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ፤ አልጋ 12 ላይ ያሉት እናት ትንሽ ደክመዋል፣ ቢመችዎት መጥተው ቢያዩአቸው» የሚል ነው፤ ይህን የሰማ ሐኪም ከእንቅልፉ ለመነሳት በቂ ምክንያት አያገኝም። ያችው ነርስ በኤስባር ብትናገር ግን እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ተረኛ ሲስተር ነኝ። አልጋ 12 ላይ ያሉት እናት የደም ግፊታቸው ወደ 85 በ50 ወርዷል፣ የልብ ምታቸው 125 ደርሷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የሆድ ኦፕሬሽን ተደርጎላቸዋል፤ ማታ ስረከባቸው ግፊታቸው 120 በ75 ነበር። ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰሳቸው ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ እስኪደርሱ ፈሳሽ ልጀምርላቸው? ደምስ ይዘጋጅ?» በሁለቱ ንግግሮች መካከል የአክብሮት ልዩነት የለም፤ በሁለቱም ሐኪሙ ዶክተር ተብሎ ተጠርቷል፣ በአንቱታም ተነግሮታል። ልዩነቱ ሁለተኛው ንግግር ቁጥር፣ ጊዜ፣ ግምትና ጥያቄ መያዙ ነው፤ በተለይም ነርሷ የራሷን ግምት መናገሯ፣ ብዙ የበታች ሠራተኞች ከሥልጣናቸው በላይ የሆነ እየመሰላቸው የሚያስቀሩትን ነገር፣ የመልእክቱ አካል ያደርገዋል።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያውያን የሥራ ቦታዎች ልዩ ትርጉም አለው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፣ ዝም አይነቅዝም እየተባለ በሚያድግበት ማኅበረሰብ ውስጥ አለቃን ማረም ከብልግና፣ አለማወቅን ወይም ስሕተትን ይፋ ማውጣት ደግሞ ከውርደት ይቆጠራል፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ይሉኝታም ይህንን ዝምታ ያጸናዋል። በዚህ ርዕስ ላይ የሚሰጡ አንዳንድ ሥልጠናዎች መፍትሔውን ፊት ለፊት መናገርን በማበረታታት ብቻ ስለሚያቀርቡት፣ ሠልጣኙ ወይ ባህሉን መጣል ወይ ዝም ማለት ያለበት ይመስለዋል። ምርጫው እንዲህ የጠበበ አይደለም። ይሉኝታ ሰው ሌላውን በአደባባይ እንዳያዋርድ የሚጠብቅ ውድ እሴት ነው፤ አማርኛም በአንቱታው፣ በማዕረግ አጠራሩና በልመና አገላለጹ ከባዱን እውነት ተሸክሞ ወደ ላይ ማድረስ የሚችል ቋንቋ ነው። ያው ባህል ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉ አባባሎችም እንዳሉት መዘንጋት አይገባም።

ለምሳሌ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ የአርማታ ሙሌት ሊጀመር ሲል ፌሮ የሚያስረው ፌራዮ የኮለኑ (የምሰሶው) ስታፋ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት፣ ከፕላኑ ይልቅ ተራርቆ መታሰሩን ቢያይ ምን ይላል? በአብዛኛው አለቆቹ ያውቁታል ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም ለጓደኛው ያንሾካሹካል። ሥራውን ያወቀና የመግባባት ልምድ ያለው ሰው ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ኢንጂነር፣ አርማታው ከመሞላቱ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። ፕላኑ ላይ የዚህ ኮለን ስታፋ በየ15 ሳንቲሙ ነው፤ እኛ ያሰርነው በየ20 ነው። አንዴ ከተሞላ ማስተካከል አይቻልም። አንድ ሰዓት ቢሰጡን እንጨምርበታለን፤ ምን ይላሉ?» በማዕረግ ተጠርቶ ተጀመረ፤ ቀጥሎ ማንም ሊክደው የማይችል ልክ ተነገረ፤ የሚያስከትለው ነገር ተገለጸ፤ መውጫ ተጠቆመ፤ በመጨረሻም ውሳኔው ለባለ ሥልጣኑ ተመለሰ። ማን አጠፋ የሚለው ጥያቄ አልተነሳም፤ «እኛ ያሰርነው» በመባሉም ጥፋቱ በማንም ግንባር ላይ አልተለጠፈም። ሌላው ጥበብ ጊዜውና ቦታው ነው፤ ይህ ነገር በሠራተኛው ሁሉ ፊት ከሚጮኽ ኢንጂነሩ ጠጋ ተብሎ ቢነገረው ክብሩን ለመከላከል ሲል እምቢ የሚልበት ምክንያት ይጠፋል። ያም ሆኖ አደጋው እጅግ ቅርብ ሲሆን፣ ለምሳሌ ክሬኑ ስር ሰው ቆሞ ሳለ፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት ይቀርና በአንድ ቃል «አቁም!» ማለት ይገባል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ማንም ማንንም ማስቆም እንደሚችል አስቀድሞ የተስማማ የሥራ ቦታ የታደለ ነው።

አንድ ጊዜ ተነግሮ ሰሚ ያጣ ስጋትስ? በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ቲምስቴፕስ የተባለ የቡድን ሥልጠና የሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ስጋቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይነገራል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበረታል። «አሳስቦኛል» የሚለው «በዚህ ሁኔታ መቀጠሉ አልተመቸኝም» ወደሚለው፣ ከዚያም «ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው» ወደሚለው ያድጋል፤ አሁንም ካልተሰማ ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ኃላፊ ይሄዳል። የቴኔሪፌው መሐንዲስ አንድ ጊዜ ጠይቆ አንድ ጊዜ ተመለሰለት፤ ሁለተኛው አረፍተ ነገር ነው ያልተነገረው። በኢትዮጵያም ስጋትን ማሳወቅ ከሠራተኛው መልካም ፈቃድ ያለፈ ነገር ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለትና ራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ሲያይ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ለማን፣ በምን መንገድ እንደሚያሳውቅ ግልጽ ማድረግ ደግሞ የአሠሪው ፋንታ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በታችኛው ሰው ላይ ሸክሙን ያበዛ ሊመስል ይችላል፤ እውነቱ ግን ዋናው ሸክም የአለቃው መሆኑ ነው። የሐርቫርድ ፕሮፌሰር ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን የመድኃኒት ስሕተት ባጠናች ጊዜ ጥሩ አመራርና መቀራረብ ያላቸው ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ የስሕተት ቁጥር ይዘው ተገኙ፤ ነገሩ ሲመረመር ግን እነዚህ ቡድኖች ስሕተታቸውን ሳይፈሩ የሚናገሩ ስለነበሩ እንጂ ከሌሎቹ የበለጠ ይሳሳቱ ነበር ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። እርሷ በኋላ በሰፊው ያስተዋወቀችው ጽንሰ ሐሳብ ሥነ ልቦናዊ ዋስትና ሊባል ይችላል፤ ይኸውም ሰው ጥያቄ በመጠየቁ፣ ስሕተቱን በመናገሩ ወይም በመቃወሙ እንደማይዋረድና እንደማይቀጣ በቡድኑ ውስጥ ያለው የጋራ እምነት ነው። ስለዚህ ምንም መጥፎ ሪፖርት የማይደርሰው ሥራ አስኪያጅ ሥራው ሰላም ነው ብሎ ከመደሰቱ በፊት መጥፎ ዜና ይዞለት የመጣው የመጨረሻ ሰው ምን እንደገጠመው ቢያስታውስ ይበጀዋል።

አለቃ ይህንን ዋስትና የሚሰጠው ቢሮዬ ክፍት ነው በማለት አይደለም። ስብሰባ ላይ ሐሳቡን መጨረሻ የሚናገር ሰብሳቢ፣ የሌሎቹን እውነተኛ ሐሳብ የመስማት ዕድል አለው፤ መጀመሪያ ከተናገረ ግን የሚሰማው የራሱን ሐሳብ በተለያየ ድምፅ ነው። «ጥያቄ አለ?» የሚለው ልማድም ዝምታን ብቻ ይጋብዛል፤ «በዚህ ዕቅድ ውስጥ ሊበላሽ የሚችለው የቱ ጋ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅና ጠያቂው ሳይቸኩል ሲጠብቅ ነው ሰው አፉን የሚከፍተው። የቶዮታ ፋብሪካዎች ይህንን በገመድ ገልጸውታል፤ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፣ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፣ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በኢትዮጵያ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴም በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ ከማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ስለማሽኑ የሚናገረው አለው። ወለሉ ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ የሠራተኛው ሐሳብ ግን ከተጻፈበት ሰሌዳ ወርዶ መልስ ያላገኘበት ድርጅት ካለ፣ የያዘው የካይዘንን ልብስ እንጂ ነፍሱን አይደለም።

ስለ አስተያየት አሰጣጥ ሲነሳ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ የሚያስታውሰው ግምገማን ነው። ከትጥቅ ትግሉ ዘመን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የገባው ይህ ሥርዓት፣ ሂስና ግለ ሂስን በስብሰባ ፊት የሚያካሂድ ስለነበረ፣ አስተያየት ማለት በሰው ፊት መዘለፍ ነው የሚል ስሜት በብዙዎች ልብ ውስጥ ጥሏል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ባሕርይው በአደባባይ የተተቸ ሰው ስሕተቱን ከማረም ይልቅ መደበቅን፣ ተቺውንም ለቀጣዩ ግምገማ መጠበቅን ይማራል። ጠቃሚ አስተያየት ብቻ ለብቻ፣ ነገሩ ከተፈጸመ ብዙ ሳይቆይ፣ ስለ አንድ የታየ ድርጊት ይሰጣል። «አንቺ ግድ የለሽ ነሽ» የሚል አለቃ የሚያገኘው እንባ ወይም ኩርፊያ ነው፤ «የማክሰኞው ሪፖርት ሐሙስ ስለደረሰ ክፍያው ወደሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ፤ ምን አጋጠመሽ?» የሚል ግን ምክንያቱን፣ ምናልባትም መፍትሔውን ያገኛል። ምስጋናም በዚሁ መንገድ ዝርዝር ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል፣ ልዩነቱ በሰው ፊት መሰጠቱ የማይጎዳው መሆኑ ነው።

በጽሑፍ የሚደረገው ተግባቦት ባጭሩ ሊታለፍ ይችላል፤ አንድ ሁለት ነገር ግን መጠቀስ አለበት። የመንግሥት ደብዳቤ ከአናቱ ላይ «ጉዳዩ» ብሎ መጀመሩ የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ የሚጠየቀው ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሦስት አንቀጽ መግቢያ ስር ተቀብሮ ይገኛል። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንዲያደርግ እንደሚፈለግ በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ቢገለጽ ማብራሪያው ከኋላ ሊከተል ይችላል። በተለይ መቼ የሚለው በኢትዮጵያ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ ካለ ባልደረባ ጋር ለ9 ሰዓት የተያዘ ስብሰባ በአንዱ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት፣ በሌላው ከቀትር በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሴፕቴምበር 5 እና መስከረም 5 ደግሞ በ10 ወይም በ11 ቀን ይራራቃሉ። የጨረታ መዝጊያ ወይም የሪፖርት ማስረከቢያ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ካልተጻፈ የተሳሳተው ማን እንደሆነ መከራከር ብቻ ይቀራል። በመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድን ሠራተኛ ስሙን ጠርቶ መውቀስም በስብሰባ ፊት ከመውቀስ የከፋ ነው፣ ጽሑፉ አይጠፋምና።

ማኅበራዊው ጎን የእነዚህ ሁሉ መሬት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጤና ይስጥልኝ ተባብሎ የቤተሰብ ደኅንነት መጠያየቅ፣ ቡና አብሮ መጠጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ዕቁብ መጣል፣ የወለደችን ባልደረባ መጠየቅ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው የውጭ አማካሪዎች አሉ። ተሳስተዋል፤ ሰው መራራ ነገርን የሚቀበለው በደስታውም በኀዘኑም ካየው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መቀራረብ የሐሜት መንገድም ስለሚሆን፣ ለባለቤቱ ያልተነገረ ቅሬታ በቡና ሰዓት ለሌሎች ሲነገር መስማት የተለመደ ነው፤ ሰሚው «ይህንን ለራሱ ነግረኸዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይድናል። ቀልድም ድንበር ያስፈልገዋል፤ በብሔር፣ በአነጋገር ዘዬ፣ በአካል ጉዳት ወይም በጾታ ላይ የሚነገር ቀልድ ተቀላጁ አብሮ ስለሳቀ ብቻ አልጎዳውም ማለት አይቻልም፤ ጾታዊ ትንኮሳማ ከላይ በተጠቀሰው አዋጅ በግልጽ የተከለከለ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሄደ ሠራተኛ ደግሞ በተቃራኒው ይፈተናል። በአሜሪካ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሠራሁት ማለትን እንደ ጉራ ቆጥሮ «ሠራነው» የሚል፣ ወይም ለአክብሮት ሲል ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ አመልካች፣ በጠያቂው ዘንድ ያልሠራ ወይም የሚደብቀው ነገር ያለው ሊመስል ይችላል። ያከናወነውን ሥራ በቁጥርና በድርጊት መናገር ራስን ማወደስ ሳይሆን ለተጠየቁት መልስ መስጠት መሆኑን አስቀድሞ ማወቁ ይረዳዋል።

እነዚህ ክህሎቶች በንባብ ብቻ አይገኙም፤ አብራሪዎች በሲሙሌተር፣ የጤና ባለሙያዎች በማስመሰያ ልምምድ የሚያሳልፉት ሰዓት ይህንን ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት ትምህርት ይሰጣሉ፤ ተመራቂውም የሥራ ማመልከቻና የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ መጻፍ ችሎ ይወጣል። በሥራው ላይ ሲሰማራ ግን ከፎርማን፣ ከቀን ሠራተኛ፣ ከተረኛ ነርስና ከሥራ አስኪያጅ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቋንቋ በዕድሜም በሥልጣንም ለሚበልጠው ሰው ዕቅዱ ስሕተት እንዳለበት በአክብሮት መንገርን የተለማመደበት አንድም ክፍለ ጊዜ ላይኖር ይችላል። ልምምዱ ከባድ ዝግጅት አይፈልግም፤ አንዱ ኢንጂነር፣ ሌላው ፌራዮ፣ ወይም አንዱ ሐኪም፣ ሌላው ተረኛ ሆኖ፣ እየተቀያየሩ፣ መጀመሪያ የሚያዳምጥ አለቃ፣ ቀጥሎ የሚቆጣ አለቃ ፊት ቆመው፣ ያንኑ ስጋት ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አጠንክረው፣ አንቱታውን ሳይለቁ እንዲናገሩ ማድረግ ነው።